ሁለት ካርድ፣ አንድ በርሜል

ያኔ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ጉረኛም ነበርኩ። ድሬዳዋ ውስጥ በጽሕፈት መኪና የሚቀድመኝ ሰው የለም ብዬ አምን ነበር፤ ምናልባት እውነትም ነበር። አባታችን የባቡር ሠራተኛ ሆኖ ከደጋ የመጣ ሰው ነው። ከዚራ ሰፈር ወልዶ ያሳደገን ሁለታችንን፣ እኔንና ታናሽ ወንድሜን ብርሃኑን ነው። አባታችን ሲሞት እኔ ከከተማው ዳር ባለ አንድ ፋብሪካ ታይፒስት ሆኜ ገባሁ። ብርሃኑንም ስንት ደጅ ጠንቼ እዚያው ማሸጊያ ክፍል አስቀጠርኩት። የፋብሪካውን ስም አልጽፍም፤ የምነግራችሁ ጥፋት የራሴ ነው።

ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ለፋብሪካችን አንድ ኮምፒውተር መጣ። አንድ ብቻ። ለእሱ ሲባል ክፍል ተቀባ፣ መጋረጃ ተሰፋ፣ አየር ማቀዝቀዣ ተገጠመ። ሥራ አስኪያጁ እንኳ በዚያ ሁሉ ሙቀት ያለው የጣሪያ ቬንትሌተር ብቻ ነበር። አቧራ እንዳይገባ ጫማ በር ላይ ይወልቃል ተባለ። ፕሮግራም መጻፍ እንድንማር አራት ሰዎች ተመረጥንና አንደኛዋ እኔ ሆንኩ። ሌላው የመለዋወጫ ዕቃ ግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ጅብሪል ነበር። በመጀመሪያው ቀን በሩ ላይ መስጊድ እንደሚገባ ሰው ጫማውን እያወለቀ፣

«አቦ፣ ውዱእም ያስፈልጋል እንዴ?» ብሎ ሁላችንንም አሳቀን። ከዚያ በኋላ ለክፍሉ ብሎ አንድ ሸበጥ አምጥቶ በሩ ሥር አስቀመጠ።

ጅብሪል ከከተማው ወጣ ብላ ያለችው የመልካ ጀብዱ ልጅ ነው። አባቱ ሞቷል፤ እናቱ ሎሚና ፓፓያ እያመጡ መጋላ ገበያ ይሸጣሉ፤ ከእሱ ሌላ ልጅ የላቸውም። በኮምፒውተሩ ላይ በአንድ ጣት ነበር የሚጽፈው። አንድ ፊደል ፈልጎ እስኪያገኝ እኔ አንድ ገጽ እጨርሳለሁ። ጥያቄ ግን አያልቅበትም። በጥያቄው እየተሰላቸሁ እጄን ግንባሬ ላይ አድርጌ እቃትት ነበር።

አስተማሪያችን ጓድ ዮናስ ምሥራቅ አውሮፓ ብዙ ዓመት ተምረው የመጡ፣ ድምፃቸው ከራሳቸው ጆሮ የማያልፍ ጨዋ ሰው ነበሩ። የሚያስተምሩን አዲስ ዘዴ ነው፤ ፕሮግራሙ በኦብጀክት የተሠራ ነው። ለኛ ደግሞ ያ ቃል እንደ ሰማይ የራቀ ነበር። ስለዚህ በምናውቀው ጀመሩ።

«ክላስ ማለት ብሎኬት የሚወጣበት ቅርጽ ነው» አሉ። «ኦብጀክት ደግሞ ራሱ ብሎኬቱ። ከአንድ ቅርጽ የፈለጋችሁትን ያህል ብሎኬት ታወጣላችሁ። አንዱ ቢሰበር ሌላው አይሰበርም።»

ይህን በሚያምር የእጅ ጽሕፈቴ ጻፍኩት፤ ከሥሩም በቀይ አሰመርኩበት። የገባኝ መሰለኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ፕሮግራም ውስጥ ያለውን ነገር ሁሉ እንደ ብሎኬት ማየት ጀመርኩ።

ለመለማመጃ የፋብሪካውን ሠራተኞች አስገባን። «ሠራተኛ» የሚል ክላስ ሠርተን ከሱ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ ኦብጀክት አወጣን። ማሽኑ ያኔ አማርኛ ስለማያውቅ ስሙን ሁሉ በላቲን ፊደል የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጅብሪል «በኔ ጀምሩ፣ ምሳሌ ልሁን» ስላለ እሱ አሥራ ሰባተኛው ቦታ ላይ ገባ። ለምን አንደኛ እንዳልሆነ አላስታውስም፤ አለቆቹ ቀድመውት ይሆናል። ብርሃኑ ስልሳ ሦስተኛው ነበር።

ጓድ ዮናስ ቀጠሉ። «የኦብጀክት ውስጡ አይነካም፤ ይጠየቃል። ለምርት አስፈላጊ ነህ ወይ ትሉታላችሁ። እሱ ከሙያው፣ ከሥልጠናው፣ ከአገልግሎቱ አስልቶ አዎ ወይም አይደለም ይላችኋል። ስሙ ተሳስቶ ከተጻፈ ታርማላችሁ፣ የሥራ ክፍሉም ከተዛወረ ትለውጣላችሁ። አዎ በል ብላችሁ ግን ልታስገድዱት አትችሉም።»

«ወላሂ ከሰው ይሻላል!» አለ ጅብሪል።

ማንም አልሳቀም። ያኔ እንዲህ ያለ ቀልድ ሲመጣ ሰው መጀመሪያ በሩን ነበር የሚያየው።

በሦስተኛው ሳምንት ጓድ ዮናስ ስለ ስም አስተማሩ። ስሙ ዕቃው አይደለም አሉ፤ ስም ወደ ዕቃው የሚጠቁም ነገር ነው። ለአንድ ዕቃ ሁለት ስም ብትሰጡት ዕቃው ሁለት አይሆንም። አልገባንም። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ አስረዱ። እኔ በመስኮቱ ግቢው ውስጥ የኒም ዛፍ ሥር የቆመ ጋሪ እያየሁ ነበር። ጅብሪል እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ እኛ ግምጃ ቤት የሆነ ነገር ልንገርዎት? የዱሮው ሰውዬ ቢን ካርድ፣ ያው የዕቃ መቆጣጠሪያዋን፣ የሚጽፈው በፈረንሳይኛ ነበር። ከሱ በኋላ የመጣው ደግሞ በአማርኛ። አንዲት በርሜል ዘይት አለች፤ አንዱ በፈረንሳይኛ ካርድ አውጥቶላታል፣ ሌላው ሳያይ በአማርኛ ደገመላት። በወረቀት ሁለት በርሜል አለን። በአንደኛው ካርድ ዘይቱን አወጣን አወጣን ጨረስነው። ሌላኛው ካርድ ግን ‹ሙሉ ነው› ይላል። አንድ ቀን ማሽን ዘይት ጠማው፤ ካርዱን አይተን በኩራት ሄድን፤ በርሜሏን ብንመታት ባዶ! ሁለት ካርድ፣ አንድ በርሜል።»

ጓድ ዮናስ ጠመኔያቸውን አስቀምጠው አጨበጨቡ። «ይኸው ነው! ከዚህ በላይ እኔም አላስረዳም» አሉ።

ቀናሁ። እኔ ሦስት ሳምንት ሙሉ በቀይ ሳሰምር አንድም ቀን አልተጨበጨበልኝም። አጠገቤ ወዳለችው ልጅ ጠጋ ብዬ «ግምጃ ቤት ያለ መሰለው» አልኳት። በዚያ ቀን ማስታወሻዬ ላይ የጻፍኩት አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ደብተሩ እስከ ዛሬ እጄ ላይ ስላለ ቃል በቃል ልንገራችሁ፦ «ስምና ዕቃ፤ ቀላል።»

ከሁለት ሳምንት በኋላ ጓድ ዮናስ ለማሽኑ ዕቃ ሊያመጡ አዲስ አበባ ሄዱ። በማግስቱ ጠዋት የፓርቲው ተጠሪ ጓድ ታደለ ከነጫማው ክፍላችን ገባ።

«ለብሔራዊ ውትድርና ኮታ መጥቷል» አለ። «ለምርት አስፈላጊ የሆኑት ሰዎች ስም ዝርዝር ዛሬ ይውጣ፤ ነገ ሦስት ሰዓት ላይ በር ላይ ይለጠፋል። ዕድሜው የደረሰ ወንድ ሆኖ ዝርዝሩ ላይ ስሙ የሌለ ነገ አስር ሰዓት መኪና ላይ ይወጣል። በእጅ የተሠራ ዝርዝር አልፈልግም። ማሽን ዘመድ የለውም። ከናንተ ፈጣኑ ማነው?»

ሦስቱም ወደ እኔ ጠቆሙ። ሌሎቹ ወጡ፤ እኔ ብቻዬን ቀረሁ።

መጀመሪያ የጠየቅሁት ስልሳ ሦስትን ነው። ብርሃኑ፣ ማሸጊያ ክፍል፣ ለምርት አስፈላጊ ነህ? አይደለም። ደግሜ ጠየቅሁት። አይደለም። ያኔ ከዘመቻ የተመለሰ የሰፈራችን ልጅ ስንት ነበር? በጣት የሚቆጠር። ብርሃኑ ሃያ ዓመቱ ነው፤ አባቴ የብርሃኑን እጅ በእጄ ላይ አድርጎ ነው የሞተው። አዎ እንዲል ላስገድደው ሞከርኩ፤ ማሽኑ እንደተባለው እምቢ አለ።

ከዚያ ያቺ ሐሳብ መጣችልኝ። ውስጡን መንካት ካልተቻለ አዎ የሚል ሙሉ ኦብጀክት ለምን አልወስድም? ጅብሪል ሦስት ሥልጠና የወሰደ፣ የመለዋወጫውን ዕቃ ሁሉ በስሙ የሚያውቅ ብቸኛ ሰው ነው፤ ማሽኑም ስለ እሱ አዎ ነው የሚለው። ቦታውንም በቃሌ አውቀዋለሁ። በስልሳ ሦስት ቦታ አሥራ ሰባትን አስቀምጥ ብዬ ጻፍኩ። አንድ ሌላ ብሎኬት ያወጣሁ መሰለኝ፤ የጅብሪል ግልባጭ፣ ለብቻው የቆመ። ከዚያ የስልሳ ሦስትን ስም ወደ ብርሃኑ፣ ክፍሉን ወደ ማሸጊያ ለወጥኩ። ስምና ክፍል መለወጥ ይቻላላ።

ስልሳ ሦስትን ጠየቅሁ። ብርሃኑ፣ ማሸጊያ ክፍል። አዎ።

ከደስታዬ የተነሳ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ማንንም አልጎዳሁም ብዬ አሰብኩ፤ አንድ ስም ጨመርኩ እንጂ የማንንም አልቀነስኩም። ዝርዝሩን አተምኩ፣ ማተሚያው እየጮኸ ሰማንያ ምናምን ስም ከነቁጥሩ ተፋ፣ አጥፌ ለጓድ ታደለ ሰጠሁ። አሥራ ሰባትን አልጠየቅሁትም። ለምን እጠይቀዋለሁ? እሱ እኮ ድሮም አዎ ነው።

በማግስቱ ዝርዝሩ በሩ ላይ ሲለጠፍ ፋብሪካው ሁሉ እዚያ ነበር። የላቲን ፊደል የሚያነብ ለማያነበው እየፈለገ ይጮኻል። ብርሃኑ ስሙን ሲያገኝ እየሮጠ መጥቶ ከመሬት አነሳኝ። «ወይኒ፣ አለሁ! አለሁ!» ይላል። እያሽከረከረኝ ሳለ በትከሻው በኩል ጅብሪልን አየሁት።

ጅብሪል ጣቱን ዝርዝሩ ላይ አድርጎ ከላይ እስከ ታች ወረደ። እንደገና ከላይ ጀመረ። አሥራ ሰባት ላይ ቆመ። ቆየ። ከዚያ ጣቱን ቀስ አድርጎ እስከ ስልሳ ሦስት አወረደና እዚያም ቆመ። ዞሮ ሲፈልገኝ ዓይን ለዓይን ተጋጠምን። በዚያች ቅጽበት፣ ከፊቱ ላይ፣ የበርሜሏ ቀን ያልገባኝ ትምህርት ገባኝ። ብርሃኑ ሁለት ቦታ ተጽፏል። ጅብሪል የትም የለም። ግልባጭ አልነበረም፤ አንዱን ጅብሪል ነው በሁለት ስም ጠርቼ፣ በአንደኛው ስም ገብቼ ብርሃኑ ያደረግሁት።

የግምጃ ቤቱ ኃላፊ እየተንተባተበ «ጓድ ታደለ፣ ያለ እሱ እኮ አንዲት ብሎን የት እንዳለች አናውቅም፤ ስህተት ይኖራል» አለው።

«ሰው ነው የሚሳሳት» አለ ጓድ ታደለ። «ማሽኑ አስልቶ ነው ያወጣው። ጅብሪል፣ ስምህ የለም።»

ጅብሪል አፉን ከፈተ። አንድ ቃል ብቻ ይበቃው ነበር፤ «ብርሃኑ ሁለቴ ተጽፏል» ቢል አለቀ። ብርሃኑን አየው። ብርሃኑ ከማሸጊያ ልጆች ጋር ተቃቅፎ እየሳቀ ነበር። ጅብሪል አፉን ዘጋ።

«ኸይር ነው» አለ።

ድሬ ከስድስት ሰዓት እስከ አስር የምታርፍ ከተማ ናት። ሱቁም ቢሮውም ይዘጋል፤ የሚተኛው ይተኛል፣ ጫት የሚቅመው በርጫው ላይ ይቀመጣል። የተያዙትን ልጆች ግቢው ውስጥ ኒሙ ዛፍ ሥር አስቀምጠው ሁለት ጥበቃ አቆሙባቸው። አራት ሰዓት ነበረኝ። ወደ አጥሩ ሄድኩ፤ ጥበቃው ስለሚያውቀኝ አልከለከለኝም። ጅብሪል ተነስቶ መጣ።

«ሁለት ካርድ» አለኝ።

የአጥሩን ሽቦ ያዝኩ።

«ሳታውቂ ነው አይደል? የኔን ልታጠፊ አስበሽ አይደለም።»

«ሌላ የወጣልኝ መስሎኝ… ለብቻው… እንደ ብሎኬቱ…»

«አውቃለሁ። ያን ቀን አንቺ ጋሪ ነበር የምታይው።»

«አሁን ሄጄ እነግረዋለሁ» አልኩት። «ጅብሪል ሙት፣ አሁኑኑ።»

እሱም ሽቦውን በሁለት እጁ ያዘ።

«ብትነግሪው አንቺን ያስራሉ፣ ብርሃኑን እዚህ ያስቀምጡታል። እኔ ምናልባት እወጣለሁ፣ ምናልባት አልወጣም። ስለዚህ እኔ አልናገርም። የሰው ወንድም አሳልፌ ሰጥቼ ቤቴ መግባት አልችልም፣ ወላሂ አልችልም።» ቀና ብሎ አየኝ። «ግን ወይኒ፣ አንቺን አትናገሪ አላልኩሽም። ይሄን ልብ በይ። አላልኩሽም።»

ሄድኩ። ጓድ ታደለ ቤቱ በርጫ ላይ ነው ብለውኝ በዚያ እሳት በሆነ ፀሐይ እስከ ቤቱ በእግሬ ሄድኩ። በሩ ላይ የብዙ ሰው ጫማ ተደርድሯል። ውስጥ ሰው ይስቃል። እጄን አነሳሁ። በሩን ለማንኳኳት ያነሳሁትን እጅ እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ፤ የጣቶቼ አጥንት በሩን ሊነካ አንድ ስንዝር ነበር የቀረው። ‹ብርሃኑን አይቼው ልምጣ› አልኩ ለራሴ። ‹አንድ ጊዜ አይቼው ከዚያ እናገራለሁ።›

ቤት ስደርስ ብርሃኑ ትልቅ ሳህን ፓስታ አቅርቦ ይበላ ነበር። ለእኔም አስቀርቶልኛል። «ያ ማሽናችሁ ግን ሐቀኛ ነው» አለኝ አፉ ሞልቶ። «እኔ እኮ ስሜ አይኖርም ብዬ ልብሴን ሁሉ አጣጥፌ ነበር። የሚያሳዝነው ጅብሪል ነው፤ ምን አጥፍቶ ይሆን?» ብሎ ሹካውን አስቀመጠ። ከልቡ አዝኖ ነበር። ብርሃኑ ደግ ልጅ ነው።

አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሰዓቱን አየሁ፤ ስምንት። አየሁ፤ ስምንት ተኩል። አየሁ፤ ዘጠኝ። ማንም አልያዘኝም፣ ማንም አፌን አልዘጋኝም። ተቀምጬ ነው ያሳለፍኩት፣ አንባቢዎቼ። ‹ፈራሁ› ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ እውነቱ ግን ብርሃኑ ሲበላ ማየት ደስ ብሎኝ ነበር።

አስር ሰዓት ላይ ስመለስ የመኪናው ሞተር ተነስቷል። ሰው ነግሯቸው የጅብሪል እናት ከመልካ ጀብዱ መጥተው ነበር፤ በሽርጥ የተቋጠረ ነገር ወደ ላይ ያቀብላሉ፣ እጃቸው አይደርስም። ተቀብዬ አቀበልኩት። ጅብሪል ጎንበስ ብሎ ወሰደና ፊቴን አየ። መልሱን ከፊቴ አነበበ። ቅር ያለው እንኳ አልመሰለኝም፤ ደከመው እንጂ።

መኪናው ከበሩ ሲወጣ ከላይ ጮኸ፦

«ወይኒ! ሸበጤን አደራ!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እናቱም እያለቀሱ ሳቁ።

ጓድ ዮናስ በሳምንቱ ተመለሱ። ማሽኑን ከፍተው ብዙ ሳያወሩ አዩት። ከዚያ አስጠሩኝ። ይጮኹብኛል ብዬ ጠበቅሁ። ዝርዝሩን እያዩ በዚያች በማትሰማ ድምፃቸው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። «ወይንሸት፣ ለምን አሥራ ሰባትን አልጠየቅሽውም?» እሳቸውም ለበላይ የጻፉት ማስታወሻ እንደነበረ በኋላ ሰማሁ፤ መልስ ግን አልመጣም። ብሎኬት ያሉትን ምሳሌ ግን ከዚያ ወዲያ ሲያነሱት አልሰማሁም።

ሦስት ወር አለፈ። አንድ ጠዋት የጅብሪል እናት ኮምፒውተሩ ክፍል በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። የልጃቸው ሸበጥ አሁንም እዚያው በሩ ሥር ነበር፤ ማናችንም አላነሳነውም። እሳቸው አላወቁትም፤ የራሳቸውን ጫማ አውልቀው ከጎኑ አስቀመጡ።

«ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ በኦሮምኛ ልጄ ማለታቸው ነው። «ደብዳቤ የለ፣ ወሬ የለ። ሰው ሁሉ አያውቅም ይለኛል። ይሄ ማሽን ግን ስም ይይዛል አሉ፣ አይረሳም አሉ። አንቺ ታውቂዋለሽ። ጅብሪልን ፈልጊልኝ።»

ይህ የሠራተኛ ዝርዝር እንጂ የዘመቻ አይደለም ልላቸው እችል ነበር። ግን ወንበር ሰጥቻቸው ማሽኑን ከፈትኩ። ማንበብ አይችሉም። ዓይናቸው የማሽኑ መስተዋት ላይ ተተክሎ እኔ አሥራ ሰባትን ጠየቅሁት። ከሦስት ወር በኋላ ጠየቅሁት።

ብርሃኑ፣ ማሸጊያ ክፍል። አዎ።

«ምን አለ?» አሉኝ።

«የለም እናቴ።»

«ነበር ግን?»

«ነበር።»

እጄን ይዘው ሳሙት። ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተቱ ልጃቸውን ሊፈልግላቸው የተቀመጠ የመጀመሪያ ሰው እኔ እንደሆንኩ ነገሩኝ።

ጅብሪል አልተመለሰም። የት እንደወደቀ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም፤ መንግሥት ሲለወጥ የሚጠየቅ ቢሮም ጠፋ። ብርሃኑ ዛሬ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ሱቅ አለው፣ የልጆች አባት ነው። ይህን አያውቅም። ይህ ጽሑፍ ሲወጣ ያውቃል፤ ከዚያ በኋላ ምን እንደሚለኝ አላውቅም፣ የፈለገውን ቢለኝ ይገባኛል።

እኔ ደግሞ፣ አመናችሁም አላመናችሁም፣ አስተማሪ ሆንኩ። ለጀማሪዎች ያንኑ ትምህርት አስተምራለሁ። በየዓመቱ ከመካከላቸው አንዷ፣ አብዛኛውን ጊዜ ፈጣኗና ደብተሯ የሚያምረው፣ እንደኔ በአንዱ ቦታ ሌላውን አስቀምጣ ግልባጭ ወሰድኩ ትለኛለች። ስለ በርሜሏ እነግራቸዋለሁ። ይስቃሉ። «ገባችሁ?» እላለሁ፤ «ገባን» ይላሉ። አላምናቸውም። አንድ በአንድ እያስነሳሁ እጠይቃለሁ፤ ክፉ አስተማሪ ናት እንደሚሉኝ አውቃለሁ። እናንተ ይህን የምታነቡ ግን ስህተቱን ማሽኑ ላይ አትጣሉብኝ፣ ባለማወቄም ይቅር አትበሉኝ። ያላወቅሁት እስከ ሦስት ሰዓት ጠዋት ድረስ ነው። ከዚያ እስከ አስር ሰዓት ያለው የኔ ነው።

የጅብሪል እናት እስኪሞቱ ድረስ ሎሚ በደረሰ ቁጥር ከመልካ ጀብዱ አንድ ዘንቢል ያመጡልኝ ነበር። «ልጄን የፈለገችልኝ» እያሉ ነው ለሰው የሚያስተዋውቁኝ። በየዓመቱ ዛሬ እነግራቸዋለሁ እያልኩ በሩን እከፍታለሁ፣ በየዓመቱ ዘንቢሉን በሁለት እጄ ተቀብዬ እግዜር ይስጥልኝ እላለሁ።